ኤሪትሮማይሲንና ልጆቹ

በአማራ ክልል ገጠር ትራኮማን ለመከላከል መድኃኒት በሚታደልበት ቀን ሕዝቡ በየቀበሌው ይሰበሰባል። አዳዮቹ ሕፃናቱን በየተራ እየጠሩ ምልክት በተደረገበት የቁመት መለኪያ በትር አጠገብ ያቆሟቸዋል። የመድኃኒቱ መጠን የሚወሰነው በቁመት ስለ ሆነ ሚዛን አያስፈልግም። ለትንንሾቹ በሽሮፕ መልክ፣ ለዐዋቂዎች ደግሞ 1 ግራም በኪኒን መልክ ይሰጣል። ስድስት ወር ላልሞላቸው ሕፃናት ግን የቴትራሳይክሊን የዐይን ቅባት ይታደላል። ከዚያም የዋጠው ሁሉ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ለዚያ ዙር በቃው። ይህ በአንድ ጊዜ መዋጥ የሚበቃው መድኃኒት አዚትሮማይሲን ይባላል።

አዚትሮማይሲን የተገኘው ኤሪትሮማይሲን ከተባለ ቀደምት መድኃኒት ነው። ወላጁ እንደ ልጁ አይደለም። ኤሪትሮማይሲን የሚወሰደው እንደ ልማዱ በየስድስት ሰዓቱ፣ በቀን አራት ጊዜ፣ ለብዙ ቀናት ነው። ማለዳ ወደ እርሻው ወርዶ ማታ የሚመለስ ሰው፣ ሰዓት በማይቈጠርበት ቤት፣ ይህን ሳያዛንፍ ይፈጽማል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። በወላጁና በልጁ መካከል ያለው የአሠራር ልዩነት ግን ሲታይ እጅግ ጥቂት ነው። ከመቶ በላይ አቶሞች ባሉት አካል ውስጥ የተለወጡት በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። ያ ጥቂት ለውጥ ይህን ሁሉ ውጤት እንዴት እንዳመጣ ማወቅ የኬሚስትሪን ጥበብ ከነሥራው ለማየት ያስችላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከአፈር ነው። በ1949 አቤላርዶ አጊላር የተባለ ፊሊፒናዊ ሐኪም ኢሎይሎ ከሚባለው ያገሩ ክፍል ጥቂት አፈር ወስዶ አሜሪካ ለሚገኘው ኢላይ ሊሊ ለተባለ የመድኃኒት ኩባንያ ላከ። በዚያ ዘመን የመድኃኒት ኩባንያዎች ከየአህጉሩ አፈር ያስመጡ ነበር፤ ምክንያቱም በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች እርስ በርሳቸው ሲሻሙ ባላጋራቸውን የሚያጠቁበት ኬሚካል እንደሚያመነጩ ታውቆ ነበር። ማክጓየር የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ ከአጊላር አፈር ውስጥ አንዱን ባክቴሪያ ለይተው አወጡ፤ ከእርሱም አዲስ ፀረ ባክቴሪያ ኬሚካል አገኙ። መድኃኒቱ በ1952 ለሕክምና ዋለ። ከመጀመሪያዎቹ የንግድ ስሞቹ አንዱ «ኢሎታይሲን» ሲሆን፣ የኢሎይሎ ስም በዚያ ውስጥ ተቀርጾ ቀርቷል።

ስለ ስም ከተነሣ አይቀር፣ «ኤሪትሮ» የሚለው መነሻ በግሪክኛ «ቀይ» ማለት ነው። ይህ ቃል ለእኛ ቋንቋ እንግዳ አይደለም። በግእዝ መጻሕፍት ቀይ ባሕር «ባሕረ ኤርትራ» ይባላል፤ ቃሉም ከዚያው ከግሪክኛው የመጣ ነው። እንግዲህ የመድኃኒቱና የባሕሩ ስም ከአንድ ሥር የበቀሉ ዘመዳሞች ናቸው።

የኤሪትሮማይሲን ሞለኪውል ምን እንደሚመስል ለማሰብ መቁጠሪያ በዐይነ ኅሊና መመልከት ይበቃል። አሥራ አራት አቶሞች ተያይዘው አንድ ትልቅ ቀለበት ሠርተዋል። ከነዚህ አሥራ ሦስቱ ካርቦኖች ሲሆኑ አንዱ ኦክሲጅን ነው። ከቀለበቱ ላይ እንደ ዘርፍ የተንጠለጠሉ ሁለት ስኳሮች አሉ፤ አንደኛው ዴሶሳሚን፣ ሁለተኛው ክላዲኖዝ ይባላል። እነዚህ ስኳሮች ሻይ የምናጣፍጥባቸው ዓይነት አይደሉም። የኤሪትሮማይሲን ጣዕም እንዲያውም እንደ ኮሶ የመረረ ነው። እንዲህ ትልቅ ቀለበት ያላቸውን መድኃኒቶች «ማክሮላይድ» ብሎ የሰየማቸው አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሮበርት ውድዋርድ ሲሆን ጊዜውም 1957 ነው። «ማክሮ» ትልቅ ማለት ነው።

ይህ ቀለበት ባክቴሪያን የሚያጠቃው በምን መንገድ ነው? ማንኛውም ሕዋስ በሕይወት ለመኖር ፕሮቲን መሥራት አለበት። ፕሮቲን የሚሠራውም ራይቦሶም በሚባል ረቂቅ አካል ውስጥ ነው። ራይቦሶምን እንደ ፈታይ ብንቈጥረው፣ ጥሬ ዕቃውን አንድ በአንድ እያያዘ ረጅም ፈትል ያወጣል። ፈትሉም የሚወጣው በራይቦሶሙ ሆድ ውስጥ በተዘረጋ ጠባብ ዋሻ በኩል ነው። ኤሪትሮማይሲን በዚህ ዋሻ መግቢያ አጠገብ ገብቶ ይቀመጣል፤ እንደ ውታፍም መንገዱን ያጠባል። በዚህ ጊዜ ብዙዎቹ ፈትሎች ገና ጥቂት እንደ ተዘረጉ ይቆማሉ። ባክቴሪያው ወዲያው ባይሞትም እንኳ ማደግና መባዛት ስለሚያቅተው የሰውነት መከላከያ ኀይል ይደርስበታል።

እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባው ነገር መድኃኒቱ የሚይዘው ቦታ ነው። ራይቦሶም በአብዛኛው የተሠራው አርኤንኤ ከሚባል ረጅም ሰንሰለት ሲሆን፣ ሰንሰለቱ አራት ዓይነት ኬሚካዊ «ፊደላት» አሉት። የኤሪትሮማይሲን አንዱ ስኳር፣ ማለት ዴሶሳሚን፣ የሚያርፈው በ2058ኛው ፊደል ላይ ነው። በባክቴሪያዎች ይህ ፊደል አዴኒን ነው። በሰው ሕዋስ ፈሳሽ ውስጥ ባሉት ራይቦሶሞች ግን በዚሁ ቦታ የሚገኘው ጉዋኒን የተባለ ሌላ ፊደል ስለ ሆነ መድኃኒቱ ተመቻችቶ አይቀመጥም። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ሲጎዳ ታማሚውን የማይጎዳበት ዋናው ምክንያት ይህ የአንድ ፊደል ልዩነት ነው። መድኃኒቱ በራይቦሶም ውስጥ እንዴት እንደ ተቀመጠ በራጅ ጨረር በግልጽ የታየው በ2001 በእስራኤላዊቱ ሊቅ በአዳ ዮናት ቡድን ጥናት ነው። ዮናት ስለ ራይቦሶም ባደረገችው ምርምር በ2009 ከሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፍላለች።

ኤሪትሮማይሲን ፔኒሲሊን ለማይስማማቸው ሕሙማን ትልቅ መጠጊያ ሆኖ ሳለ አንድ ብርቱ ጉድለት ነበረበት። ጨጓራችን አሲድ ያመነጫል፤ ኤሪትሮማይሲን ደግሞ አሲድን አይችልም። ጉዳቱም የሚመጣበት ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከራሱ አካል ነው። ከቀለበቱ ካርቦኖች በስድስተኛው ላይ አንድ ሃይድሮክሲል፣ ማለት የኦክሲጅንና የሃይድሮጅን ጥምር፣ አለ። በዘጠነኛው ላይ ደግሞ ካርቦንና ኦክሲጅን በጥንድ ማሰሪያ የተያያዙበት ኬቶን ይገኛል። አሲድ ሲነካቸው ስድስተኛው እጁን ወደ ዘጠነኛው ይዘረጋና ይይዘዋል። ቀለበቱ በራሱ ላይ ታጥፎ ይተሳሰራል፤ መልኩ ስለ ተለወጠም ከዋሻው ጋር አይገጥምም። የተበላሸው መድኃኒት ከንቱ ሆኖ መቅረቱ ሳያንስ፣ ከብልሽቱ ከሚገኙት ነገሮች አንዱ የጨጓራንና የአንጀትን ጡንቻ ስለሚቀሰቅስ ሆድ ቁርጠት ያስከትላል። ኤሪትሮማይሲን የወሰደ ሰው ብዙ ጊዜ ሆዱን ይዞ የሚያማርረው ከዚህ የተነሣ ነው።

መጀመሪያ የተሞከረው መፍትሔ ኪኒኑን በጨጓራ ውስጥ በማይሟሟ ልባስ መሸፈን ነበር። እንደዚሁም መድኃኒቱን ከሌላ አሲድ ጋር በማጣመር ምሬቱ የማይሰማ፣ ለሕፃናት የሚሆን ዓይነት ተሠራ። እነዚህ ጠቃሚዎች ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ልብሱን ቀየሩ እንጂ ባለቤቱን አልቀየሩም።

ሥር ነቀሉ መፍትሔ ከሁለት አገሮች በአንድ ዘመን መጣ።

በጃፓን የታይሾ ኩባንያ ተመራማሪዎች እንዲህ ብለው አሰቡ፦ ጥፋቱን የሚጀምረው ስድስተኛው ሃይድሮክሲል ከሆነ፣ እጁን ማሰር ነው። ለማሰሪያ የመረጡትም ከሁሉ ትንሹን ነገር፣ ሜቲልን ነው። ሜቲል አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅኖች ብቻ ያሉት ቡድን ነው። ሐሳቡ ቀላል ሆኖ ይታያል፤ ሥራው ግን ከባድ ነበር። ኤሪትሮማይሲን በጠቅላላው አምስት ሃይድሮክሲሎች አሉት፤ ሜቲሉ ደግሞ ያለ ልዩነት በየትኛውም ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ የማይፈለጉትን ቦታዎች በጊዜያዊ ክዳን መሸፈን፣ ሜቲሉን በተፈለገው ቦታ ማሳረፍ፣ በመጨረሻም ክዳኖቹን ማንሣት ያስፈልግ ነበር። እንዲህ የተገኘው ክላሪትሮማይሲን ነው። የሞለኪውሉ ክብደት ከ734 ወደ 748 ከፍ አለ፤ ይኸውም ከመቶ ሁለት እንኳ የማይሞላ ጭማሪ ነው። ነገር ግን አዲሱ መድኃኒት አሲድን ቻለ፤ በቀን አራት ጊዜ መዋጡ ቀርቶ ሁለት ጊዜ በቃ። ዛሬ የጨጓራ ቁስለት የሚያመጣውን ባክቴሪያ ለማጥፋት ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ተጣምሮ ይሰጣል። አሲድን የማይችል ወላጅ የወለደው ልጅ በዚያው በአሲዱ ቤት ውስጥ ተዋጊ ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው መፍትሔ የተገኘው በዛግሬብ ነው። ዛግሬብ ያን ጊዜ በዩጎዝላቪያ ውስጥ ነበረች፤ ዛሬ የክሮኤሺያ ዋና ከተማ ናት። በዚያ ፕሊቫ በተባለ የመድኃኒት ኩባንያ ስሎቦዳን ጆኪች የሚመራው ትንሽ ቡድን ይሠራ ነበር። ባልደረቦቹ ጋብሪየላ ኮብሬሄል፣ ጎርያና ራዶቦልያ ላዛሬቭስኪና ዝሪንካ ታምቡራሼቭ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ትኩረታቸውን ያሳረፉት በተያዡ፣ ማለት በዘጠነኛው ኬቶን ላይ ነው። ኬቶኑን በመጀመሪያ ናይትሮጅን ባለበት ኬሚካል ለወጡት። ቀጥለውም ጀርመናዊው ኤርንስት ቤክማን በ1886 ባገኘው የአቶሞች የቦታ ልውውጥ ዘዴ ተጠቀሙ። በዚህ ልውውጥ ከቀለበቱ ውጭ ተንጠልጥሎ የነበረው ናይትሮጅን በሁለት ካርቦኖች መካከል ሰርጎ ገባ። አሥራ አራት የነበረው መቁጠሪያ አሥራ አምስት ሆነ። ከዚያም የተረፈውን ኦክሲጅን አስወግደው በናይትሮጅኑ ላይ አንድ ሜቲል አሳረፉ። አዚትሮማይሲን በ1980 እንዲህ ተወለደ። አሁን ስድስተኛው እጅ ቢዘረጋ እንኳ የሚይዘው የለም፤ ኬቶኑ ጠፍቷል።

ኩባንያው ግኝቱን በ1981 በፓተንት አስመዘገበ። ፋይዘር በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የፓተንት መዝገብ ሲያገላብጡ ይህን ግኝት አገኙት፤ በ1986ም ሁለቱ ኩባንያዎች ተዋዋሉ። መድኃኒቱ በ1988 በዩጎዝላቪያ «ሱማሜድ»፣ በ1991 ደግሞ በአሜሪካ «ዚትሮማክስ» በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። የኋለኛው ስም ትራኮማ ባለባቸው አገሮች ጭምር ታውቋል፤ የሚታደለውም አምራቹ በነፃ የሚሰጠው ነው።

የዛግሬብ ሊቃውንት ያሰቡት አሲዱን ነበር። ናይትሮጅኑ ግን ካሰቡት በላይ ሠራ። ኤሪትሮማይሲን ቀድሞውኑ በስኳሩ ላይ አንድ ናይትሮጅን ነበረው፤ አዚትሮማይሲን ሁለት አለው። እነዚህ ናይትሮጅኖች በሰውነት ውስጥ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛሉ። ሁለት ሙል ያለው ሞለኪውል አንዳንድ ባክቴሪያዎች የሚለብሱትን ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ከወላጁ ይልቅ በቀላሉ ያልፋል። ወደ ሰው ሕዋሳት ከገባ በኋላም አሲዳማ በሆኑት ክፍሎች ውስጥ ተጠምዶ ስለሚቀር በፍጥነት አይወጣም። በሽታን የሚዋጉት ነጭ የደም ሕዋሳትም ተሸክመውት ወደ ቁስሉ ሥፍራ ይሄዳሉ። በመሆኑም የወሰድነው መድኃኒት በግማሽ የሚቀንሰው ከሁለት ቀን ተኩል በላይ ቈይቶ ነው። የትራኮማ ባክቴሪያ ደግሞ የሚኖረው በሰው ሕዋስ ውስጥ ተደብቆ ስለ ሆነ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ማግኘት ያስቸግራል። በበትር ተለክቶ አንድ ጊዜ የተሰጠው መድኃኒት የሚበቃበት ምሥጢር ይህ ነው።

ይሁንና ኬሚስትሪ በነፃ የሚሰጠው ነገር ጥቂት ነው። አዚትሮማይሲን ባለ ሁለት ሽፋኖቹን ባክቴሪያዎች በማጥቃት ከወላጁ ቢበልጥም፣ ያ የውጭ ሽፋን በሌላቸው እንደ ስትሬፕቶኮከስ ባሉት ላይ ኀይሉ ከወላጁ በመጠኑ ያነሰ ነው። ክላሪትሮማይሲን ደግሞ በእነዚህ በኋለኞቹ ላይ ይበረታል።

እስካሁን የተናገርነው ሰው ስላደረገው ለውጥ ነው። ባክቴሪያዎችም ለውጥ ያደርጋሉ። ኤሪትሮማይሲን ለሕክምና ከዋለ ብዙም ሳይቈይ በዚያው በ1950ዎቹ መድኃኒቱ የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ታዩ። ከመንገዶቻቸው አንዱ መድኃኒቱን እንደ ገባ መልሶ ወደ ውጭ መርጨት ነው። ሌላው መንገድ ግን እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ባክቴሪያው ኤርም በሚባል ኢንዛይም አማካይነት በዚያው በ2058ኛው ፊደል ላይ አንድ ወይም ሁለት ሜቲል ያሳርፋል። ፊደሉ በሜቲል ሲወፍር መድኃኒቱ የሚቀመጥበት ቦታ ያጣል። ልብ በሉ፤ የጃፓን ሊቃውንት መድኃኒቱን ያዳኑበትና ባክቴሪያው ራሱን የሚያድንበት መሣሪያ አንድ ዓይነት ነው፤ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅኖች። ይህን ጥበብ ባክቴሪያዎች ከእኛ አልተማሩም። ኤሪትሮማይሲንን የሚያመነጨው የአፈሩ ባክቴሪያ ራሱ፣ በገዛ መርዙ እንዳይጠቃ፣ የራሱን ራይቦሶም በዚሁ ዓይነት ሜቲል ይጠብቃል። አጊላር አፈሩን በላከ ጊዜ መርዙንም መቋቋሚያውንም አብሮ ልኳል ማለት ይቻላል።

ሊቃውንቱም መልስ አላጡም። የክላዲኖዝን ስኳር ከቀለበቱ ላይ አንሥተው በቦታው ኬቶን በመተካትና ራይቦሶሙን በሌላ በኩል የሚይዝ ረጅም ክንድ በመጨመር ቴሊትሮማይሲንን ሠሩ። በ2001 በአውሮፓ፣ በ2004 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። ብዙዎቹን ግትር ባክቴሪያዎች ድል ነሣ፤ ነገር ግን በአንዳንድ ሕሙማን ጉበት ላይ ብርቱ ጉዳት ስላደረሰ በ2007 አጠቃቀሙ ተወሰነ፤ በኋላም ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። ያለውን ኤሪትሮማይሲን እየቀጠሉና እየቈረጡ መለወጥ ወሰን አለው፤ ቢላዋው የማይደርስባቸው ቦታዎች አሉና። ውድዋርድ ሞለኪውሉን ከመነሻው በቤተ ሙከራ ለመሥራት የጀመረው ሥራ በ1981 ታተመ፤ እርሱ ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ ሞቶ ነበር። ያ ሥራ ከአርባ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ሲሆን መድኃኒት ለማምረት የማይሆን እጅግ ረጅም ጉዞ ነበር። በ2016 ግን የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው አንድሩ ማየርስና ባልደረቦቹ ቀለበቱን ከጥቂት ቁርጥራጮች በመገጣጠም ከ300 በላይ አዳዲስ ማክሮላይዶችን ሠርተው አሳዩ።

አሁን ወደ በትሩ እንመለስ። በምሥራቅ ጎጃም በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ በ2006 አንድ ሰፊ ጥናት ተጀምሮ ነበር። አንዳንዶቹ ቀበሌዎች አዚትሮማይሲን ወዲያው ሲታደላቸው፣ ሌሎቹ ለማነጻጸሪያ እንዲቈዩ ተደረገ። ከጥናቱ ከተገኙት ውጤቶች አንዱ መድኃኒቱ በታደለባቸው ሥፍራዎች የሚሞቱት ሕፃናት ቍጥር ዝቅ ብሎ መታየቱ ሲሆን፣ ይህ በ2009 ተጽፎ ወጣ። ከዐይን ሕመም አልፎ ከሳንባ ምችና ከተቅማጥ ዓይነቶችም ሳይጠብቃቸው አልቀረም። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ውጤት ግን ሌላውን ገጽ አሳየ። በሕፃናቱ አፍንጫ ውስጥ ከሚኖሩት የሳንባ ምች ባክቴሪያዎች አንጻር ሲታይ፣ መድኃኒቱን የሚቋቋም ዓይነት ይዘው የተገኙት ልጆች በመጀመሪያ ከመቶ 3.6 ነበሩ፤ በየሦስት ወሩ መድኃኒት በታደለባቸው ቀበሌዎች ከአንድ ዓመት በኋላ ከመቶ 46.9 ደረሱ። የትራኮማው ባክቴሪያ ራሱ ግን በኢትዮጵያ በተደረገ ምርመራ መድኃኒቱን ሲቋቋም አልተገኘም።

እንግዲህ ጤና ጠባቂዎቹ አንድ እጃቸው ለሚሰጠው ሌላው እጃቸው መቍጠር አለበት፤ ዕደላው በየስንት ጊዜ ይሁን፣ ለማን ይሁን፣ መቼ ይቁም የሚለው ክርክር የሚነሣው ከዚህ ነው። በኢትዮጵያ በተደረገ ሌላ ጥናት እንደ ታየው፣ የጅምላው ዕደላ ከቆመ በኋላ መድኃኒቱን የሚቋቋሙት የሳንባ ምች ባክቴሪያዎች እያነሱ ሄደዋል። ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ሜቲሉ ራሱ ነው። በ2058ኛው ፊደል ላይ ሜቲል የተሸከመ ራይቦሶም አንዳንድ ፕሮቲኖችን እንደ ቀድሞው አድርጎ አይሠራም። መድኃኒቱ ባለበት ዘመን ያ ሸክም ነፍስ ያድናል፤ መድኃኒቱ በሌለበት ግን ሸክም ብቻ ሆኖ ይቀርና፣ ሜቲል የሌለው ጎረቤቱ ፈጥኖ እየተባዛ ቦታውን ይወስድበታል።